የድሬዳዋ ግሪኮችና የመኖች፦ ማን ከበረ፣ ማን ቀረ?

ድሬዳዋ ላይ ስለ ድሮ የውጭ ነጋዴዎች ወሬ ሲነሣ ጨዋታው ብዙ ጊዜ በሁለት ቃል ያልቃል። ግሪኮቹ ሠሩ፣ ከበሩ፣ ሄዱ፤ አረብ የሚባሉት የመኖች በትንሽ ሱቅ ኖሩ፣ ተዋለዱ፣ አገሬውን መሰሉ። ከዚያ ምክንያት መደርደሩ ይከተላል፤ አንዱ የሥራ ባህል ይላል፣ ሌላው ትምህርት፣ ሌላው ሃይማኖት። በሦስቱም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ነገር ግን የሁለቱን ማኅበረሰቦች ዕጣ የለየው ከዚህ ሁሉ ይልቅ የያዙት ወረቀት፣ ያገቧት ሴት ዜግነትና ገንዘባቸው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ነገሩ የትዝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001/2016 ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ ተከልሎ የቆየውን የጥሬ ቡና፣ የጫት፣ የቅባት እህል፣ የጥራጥሬ፣ የቆዳና ሌጦ፣ የቁም እንስሳት የወጪ ንግድ፣ እንዲሁም አብዛኛውን የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። በ2017 ደግሞ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲይዝ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። ከተማዋ ከነሐሴ 2014 ጀምሮ ነፃ የንግድ ቀጠና አላት። የመመሪያውን ዝርዝር ለሚያይ የሐረርጌ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ ቡናውም ቆዳውም ችርቻሮውም የድሬዳዋ ግሪክና የመን ነጋዴዎች ኖረውበት የነበረ ነው። እንግዲህ አሁን ማን መጥቶ ማን ይከብራል የሚለው ክርክር መልሶ በነዚሁ ሁለት ማኅበረሰቦች ላይ ሲንጠለጠል፣ ንጽጽሩ በትክክል ቢሠራ ይሻላል።

መነሻቸው አንድ ነው፤ ባቡሩ። የምድር ባቡሩ ውል በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ተሰጠ፣ ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሣ፣ ሐዲዱም በታኅሣሥ 1895 ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር መግባት ነበር። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ያንን ሽቅብ በባቡር መውጣት እጅግ ውድ ስለሆነ ጣቢያው ከታች ቀረ፣ ከተማዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ የመሐል አገርና የሐረርጌ ጭነት ሁሉ የሚራገፈው እዚህ ነበር። ሁለቱ ማኅበረሰቦች ሥር የሰደዱት በዚያ ዘመን ነው።

የመጡበት በር ግን ይለያያል። ግሪኮቹ ብዙዎቹ ከኦቶማን ግዛትና ከደሴቶቹ የተነሡ፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ ግንበኛ፣ ንዑስ ተቋራጭ፣ ለሠራተኛው ምግብና መጠጥ አቅራቢ ሆነው ከሐዲዱ ጋር የመጡ ነበሩ። የትንሿ እስያ ግሪኮች በ1915 ከቀያቸው ሲፈናቀሉ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የዘለቁም አሉ። የመኖቹ ከሐድረሞት፣ ከኤደን ዙሪያና ከሰሜን ደጋ፣ ኢማም ይገዛው ከነበረው አገር፣ ባሕሩን ተሻግረው በጅቡቲ በኩል ገቡ፤ መጀመሪያ በጉልበት ሥራና በጭነት፣ ቀጥሎ በሱቅ። ሐዲዱን የዘረጋው ኩባንያ ከተማዋን ሲተልም የፈረንጁ ሰፈር ከዚራ መንገዱ በመስመር የተሠራ፣ ዛፍ የተተከለበት ሆነ፤ መጋላ ደግሞ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በገበያው ዙሪያ እንደ ልቡ አደገ። ስለዚህ ገና ከጅምሩ የቤቱ ዋጋ እኩል አልነበረም። የከዚራ ቤት ካርታ ነበረው፣ ለባንክ መያዣ ይሆናል። በ1898 የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ ነበረው፤ መያዣ ላለው ሰው የቀረበ፣ መያዣ ለሌለው የራቀ ባንክ።

ወረቀቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል የፈረንሳይ ዜጎችና ጥበቃዋ ያለባቸው ሰዎች እርስ በርስ ሲካሰሱ በቆንስላቸው፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱም ቆንስላው ባለበት እንዲዳኙ አደረገ፤ የገቢ ዕቃ ቀረጥንም በመቶ 10፣ ለወይንና ለመሰል መጠጦች በመቶ 8 ላይ ገደበው። ሌሎች መንግሥታትም ይህንኑ መብት ለዜጎቻቸው ተጠቀሙበት። የራሱ ቆንስላ በአቅራቢያው ያላገኘ ግሪክ የአንዱን ኃያል መንግሥት ጥበቃ ይይዝ ነበር። መጠጥ አስመጪ ለሆነ ሰው በቀረጥ ላይ የሁለት በመቶ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን የቆንስላው ጥላ ነው። ከማርሴይ ወይም ከኤደን ዕቃ በዱቤ የሚልክ ቤት ገንዘቤን ቢከለክለኝ የት እከሰዋለሁ ብሎ ይጠይቃል። ቆንስላ ያለው ደንበኛ መልስ አለው።

የመኖቹ በዚህ ረገድ አንድ ሕዝብ አልነበሩም፤ ንጽጽር የሚሠሩ ሰዎች አዘውትረው የሚስቱትም ይህንን ነው። እንግሊዝ ኤደንን የያዘችው በ1831 ዓ.ም. ነው። የኤደን ተወላጅና በጥበቃዋ ሥር ያሉት የሐድረሞት ሰዎች የእንግሊዝ ቆንስላ ዘንድ መሄድ ይችሉ ነበር። ከሰሜን፣ ከኢማሙ አገር የመጣው ግን የሚመዘግበው ቆንስላ አልነበረውም። የሐድረሞትና የኤደን ነጋዴ በጅምላና በቆዳ ንግድ ሲገኝ፣ የሰሜኑ ሰው በችርቻሮ ሱቅ የበረከተው በጠባይ ልዩነት ነው ማለት ይከብዳል። «አረብ» ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ በአማካይ ከግሪክ ጋር ማወዳደር የሁለቱንም እውነት ያጠፋል።

የመጋላው ሱቅ አሠራር ራሱን ችሎ መታየት አለበት፤ ድህነት የሚመስለው ነገር በአብዛኛው የአሠራሩ ውጤት ስለሆነ ነው። አዲስ የመጣው ወጣት ዘመዱ ወይም የአገሩ ሰው ሱቅ ይገባል። እዚያው ይበላል፣ እዚያው ከመደርደሪያው ሥር ይተኛል። ደመወዙ በእጁ አይሰጠውም፤ ባለ ሱቁ ዘንድ ይጠራቀማል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የተጠራቀመው ድርሻው ይሆንና ባለ ሱቁ ሌላ ጥግ ላይ ሁለተኛ ሱቅ ይከፍትለታል፣ ዕቃውን በዱቤ ይሞላለታል፣ ትርፉን ይካፈላሉ። ወለድ ሐራም ስለሆነ አበዳሪው ጥቅሙን የሚያገኘው ከዕቃው ዋጋ ልዩነትና ከትርፍ ድርሻ ነው። ስኳር በትንሽ በትንሹ፣ ላምባ በጠርሙስ፣ ሲጋራ በነጠላ፣ ሻይ ቅጠል በቁራጭ ወረቀት ይሸጣል። በአንዱ ዕቃ ላይ ያለው ትርፍ ከሳንቲም አይዘልም፤ ዕቃው ግን ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ሱቁም ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው።

ይህ አሠራር የሚሰበርበት ቦታ ሦስት ነው። አንደኛው የዱቤ ደብተሩ ነው። የሐረርጌ ገበሬና ደላላ ገንዘብ የሚይዘው ቡና ሲደርስ ነው፤ በመካከሉ ያለውን ወራት ሱቁ ያበላዋል። ቡናው ሲከስር ወይም መንገድ ሲዘጋ የደብተሩ ዕዳ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ጅምላ ሻጩ ግን ገንዘቡን ይጠብቃል። ሁለተኛው ወደ የመን የሚላከው ገንዘብ ነው፤ እዚያ ቤተሰብ ይበላበታል፣ ቤት ይሠራበታል። ከትርፉ ላይ ይህ ተቀንሶ የሚቀረው ሁለተኛ ሱቅ ይከፍታል እንጂ ፋብሪካ አያቆምም። ሦስተኛው መስፋፋቱ ራሱ ነው፤ አንድ ጠንካራ ሱቅ ከማሳደግ ይልቅ አምስት ደካማ ሱቆች መውለድ። ለኢኮኖሚ ቆጣሪ ይህ ዝግመት ነው። ለማኅበረሰቡ ግን አንዱ ሲወድቅ አራቱ የሚያነሡት ዋስትና ነበር፤ ይኸኛው ጎኑ በብር የሚለካ አይደለም።

የግሪኩ ገንዘብ አቅጣጫው ሌላ ነበር፤ ዳቦ ቤት፣ ወፍጮ፣ መጠጥ ቤት፣ ሆቴል፣ የቡና ማበጠሪያ፣ የግንባታ ተቋራጭነት። ልጆቹ በማኅበረሰቡ ትምህርት ቤትና በካቶሊክ ሚሲዮን ፈረንሳይኛ ይማራሉ፤ የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ከሱቅ ይልቅ ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ ቅርብ ናቸው። ከዚራ ውስጥ ያለው የግሪክ ቤተ ክርስቲያን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ይይዛል፤ ይህ መዝገብ ኋላ ላይ ከሀብቱ በላይ ዋጋ አውጥቷል። ገንዘባቸው ግን በግድግዳና በማሽን ውስጥ ነበር። መሸጥ ካልተቻለ መውሰድ አይቻልም።

የጣሊያንን ዘመን በአጭሩ እንለፈው። ከ1928 እስከ 1933 ጣሊያን የውጭ ነጋዴውን ሁሉ ቦታ አስለቅቆ የራሱን ሰው መተካት ፈለገ፤ ከሐረር የተነሣው ትልቁ የሕንዶች ንግድ ቤት መሐመድ አሊ በ1929 ተባረረ። ከጦርነቱ በኋላ የድሮው የቆንስላ ችሎት አልተመለሰም፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 390 ደግሞ የውጭ ዜጋ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊይዝ እንደማይችል ደነገገ። ከዚህ በኋላ ቤት የፈለገ የውጭ ሰው ምርጫው ፈቃድ ማግኘት፣ ዜግነት መለወጥ ወይም በኢትዮጵያዊት ሚስት ስም ማስመዝገብ ነበር። ግሪክን ያገባ ግሪክ ሦስተኛው መንገድ የለውም።

ከዚያ 1967 መጣ። በሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተወ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ትርፍ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። አዋጅ ቁጥር 76/1968 ደግሞ በግል ነጋዴ ካፒታል ላይ ጣሪያ ጣለ፤ ለጅምላ 300,000 ብር፣ ለችርቻሮ 200,000 ብር። ሁለቱን አዋጆች በሁለቱ ማኅበረሰቦች ላይ እናስቀምጣቸው። ካፒታሉ ከጣሪያው እጅግ በታች ለሆነው የመጋላ ባለ ሱቅ ሁለተኛው አዋጅ አይነካውም። የመጀመሪያው የሚከራይ ክፍል ካለው ይወስድበታል፣ በሚስቱ ስም ያለችው መኖሪያ ግን ትቀራለች። ወፍጮና ሆቴል፣ ከዚራም ላይ የሚከራዩ ቤቶች ያሉት ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ዓመት ያጣል። የከበረው ብዙ ያጣው ስለከበረ ብቻ አይደለም፤ ሀብቱ ሊቆጠርና ሊታሸግ የሚችል ስለነበር ነው።

ቀጥሎ ነሐሴ 1969 ነው። የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ፣ የባቡሩ ድልድዮች ፈረሱ፣ ከተማዋ የምትኖርበት ጭነት ቆመ። ሁሉም መሄድ ፈለገ፤ ሁሉም ግን እኩል መሄጃ አልነበረውም። ግሪኩ የግሪክ ፓስፖርት ነበረው፣ ያ ፓስፖርት በታኅሣሥ 1973 የአውሮፓ የጋራ ገበያ አባል የሆነች አገር ፓስፖርት ሆነ፤ ከአቴና ሌላ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ዘመድ የሚጠብቀውም ነበር። የመኑ የሚመለስባት አገር በመስከረም 1955 በአብዮት፣ ቀጥሎም በእርስ በርስ ጦርነት የታመሰች ሰሜን፣ አለዚያም በኅዳር 1960 ነፃ ወጥታ ወዲያው ሶሻሊስት የሆነች ደቡብ ናት። ከዚህ የሄዱት ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱ ልጆች ሰንዓ ላይ «ሙወለድ» ተብለው ዝቅ ብለው ይታዩ ነበር። እናም ብዙ ግሪክ ሄደ፣ ብዙ የመን ቀረ። መቅረቱን ለአገር ካለ ፍቅር፣ መሄዱን ከፍቅር ማጣት ጋር የሚያያይዝ ሰው ፓስፖርቶቹን አላየም።

ንጽጽሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የድሬዳዋን ግሪኮች ኑሮ ልለካ ብትሉ የምታገኙት የቀሩትን ጥቂቶች ነው። የሄዱትን የምታገኙት አቴና ወይም ሜልቦርን ነው፤ እነሱን የሚለካው ደግሞ የሌላ አገር ደመወዝ ነው። የግሪክ ስኬት እየተባለ የሚነገረው ከግማሽ በላይ የመድረሻው አገር ኢኮኖሚ ነው። የመኖችን ስትቆጥሩ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማችኋል፤ ሰዎቹ አሉ፣ በመዝገብ ግን የሉም። የቤተሰብ ስም በማይያዝበት አገር አንድ ሰው የሚጻፈው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። አያቱ ሳሌህ፣ አባቱ ዓሊ፣ እሱ አሕመድ የሆነ ሰው ከሐረሪ፣ ከኦሮሞ ወይም ከአርጎባ ሙስሊም ጎረቤቱ በስም አይለይም። ያኒ ወይም ኮስታ የሚል ስም ግን በሦስተኛው ትውልድም ከዝርዝሩ መሐል ብቅ ይላል። በግንቦት 1999 የተካሄደው ሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋን ሕዝብ 341,834 ብሎ መዝግቧል። በዚያ መጠይቅ ላይ ከኦሮሞ እናት የተወለደ የየመን የልጅ ልጅ ኦሮሞ ተብሎ ሊመዘገብ፣ ወይም ከተለያዩ ብሔረሰቦች የተወለዱ በሚለው ሊገባ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም። የበለጸጉትና በደንብ የተዋሐዱት ከዝርዝሩ ሲወጡ፣ «አረብ» ተብሎ የሚቀረው ሱቅ ላይ የተቀመጠው ብቻ ነው፤ ከዚያ አረብ አላደገም ይባላል።

የቀድሞው ሕግም ለዚህ መድበስበስ እጁ አለበት። በሐምሌ 1922 የወጣው የዜግነት ሕግ በሕግ ከተፈጸመ ጋብቻ ከኢትዮጵያዊት እናትና ከውጭ አገር አባት የተወለደን ልጅ ወደ አባቱ ዜግነት ይጎትተው ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እየኖረ የአባቱን ዜግነት ፈጽሞ መተዉን ሲያረጋግጥ ነው የእናቱን መልሶ የሚያገኘው። ቆንስላ የሌለው የኢማሙ አገር ሰው ልጅ ዜግነቱን መተዉን የሚያረጋግጥለት ማን ነው? ዜግነት ለመለወጥ ደግሞ አምስት ዓመት መኖርና አማርኛ መናገርና መጻፍ ይጠየቅ ነበር። ኦሮምኛና ሶማልኛ እየተናገረ መጋላ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ባለ ሱቅ በዚህ በር አያልፍም። በታኅሣሥ 1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ሁለቱንም ለወጠ። ከወላጆች አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ይበቃል፤ ለውጭ ሰው የመኖሪያው ዘመን አራት ዓመት ሆነ፣ ቋንቋውም ከኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች አንዱ ከሆነ ይበቃል። ለመጋላ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ የደረሰው ግን አብዛኛው ባለጉዳይ ከሞተ ወይም ከሄደ በኋላ ነው።

አሁን በተከፈተው ገበያ ላይ ልዩነቱ እንዴት እንደሚሠራ እነሆ። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት ብቻውን የሚገባ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከተጣመረ 150,000 ዶላር ማምጣት አለበት። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ያለው ሰው ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊስተናገድ ይችላል። ካርዱን የፈጠረው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ከወላጅ፣ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረን ሰው ያካትታል። እንግዲህ ከሰንዓ ወይም ከጅዳ የመጣ፣ የመጋላ አያት ያለችው የየመን የልጅ ልጅ በዚህ በር ይገባል።

በተግባር የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። የመጀመሪያው እንቅፋት የዘር ሐረጉ ነው፤ መታወቂያ የሚጽፈው የአባትን ወገን ነው፣ ኢትዮጵያዊነቱ ያለው ግን በሴቷ አያት በኩል ነው። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። በየመን ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ወይም የጎሳ ስም ይጨመራል፣ በቀበሌ ማህደር ላይ የለም፤ ዐብዱልቃድር አንዱ ጋ «አብዱልቀድር» ሌላው ጋ «አብዲ» ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛው የጋብቻውና የልደቱ መዝገብ አለመኖር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ኒካሕ በምስክር ፊት ያልቃል። ስለዚህ ፍለጋው ከልደት ወረቀት ሳይሆን ከርስት መጀመር አለበት። አያት ወይም ቅድመ አያት ሲሞቱ ውርሱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ከተከፈለ ውሳኔው ሚስቶችንና ልጆችን በስም ይዘረዝራል። ያ ካልተገኘ በአያቲቱ ስም የተመዘገበች ቤት ማህደር ማዘጋጃ ቤት ውስጥ መፈለግ ነው፤ ቀጥሎ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ ወይም ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት። የስሙን ልዩነት በቅድሚያ «ሁለቱም አንድ ሰው ነው» በሚል የፍርድ ቤት ማረጋገጫ ሳያስተካክሉ ማመልከት ጉዳዩን መልሶ ወደ መነሻው ይልከዋል።

በግሪኩ በኩል ማስረጃው ሙሉ ነው። አያቱ ከዚራ ተወልዶ፣ ከዚራ ተጠምቆ፣ ከዚራ ስለማግባቱ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ይመሰክራል። ሆኖም የኢትዮጵያ ሕግ ዜግነትን የሚያወርሰው በደም እንጂ በተወለዱበት መሬት አይደለም። በአባቱም በእናቱም በኩል አያቶቹ ሁሉ ግሪኮች ከሆኑና ከመካከላቸው ዜግነት የለወጠ ከሌለ፣ ቤተሰቡ ድሬዳዋ ላይ ሰባ ዓመት ኖሮ ቢሆንም የልጅ ልጁ ኢንቨስትመንት ቢሮ ሲቀርብ ሊያሳይ የሚገባው 200,000 ዶላሩን ነው።